የስንዱ ብስክሌትና የእኔ ጠፍር

ልጆቹ ናቸው አውሪን ያሉኝ። ከጎተራው ጀርባ፣ የተሰበረ ቀንበርና አሮጌ ስልቻ ከሚጣልበት ጥግ፣ አንዲት ብስክሌት ጎትተው አወጡ። አቧራዋን በመዳፋቸው እየጠረጉ ዞር ዞር አሉባትና «አያቴ፣ የኋላ ጎማዋ ላይ ጠፍር ያሰረ ማን ነው?» አሉኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ጠፍር ሞፈርና ቀንበር የሚታሰርበት ጥሬ ቆዳ ነው፤ ብስክሌት ላይ ምን ይሠራል? ካላወራሽን አንነሣም ብለው ደጃፌ ላይ ተቀመጡ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ሳወራ ከእነሱ አንዷ ትጽፋለች። «ቀስ በይ» ትለኛለች፤ ቀስ ስል ደግሞ ነገሩ ይጠፋኛል። እንግዲህ ከመንገድ ብወጣ ታገሱኝ።

ብስክሌቷ የስንዱ ነበረች። ስንዱ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ስማዳ ተድራ ወገዳ ነው የምትኖር፤ በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ አያት ጋ ነውና የሚያድግ፣ ስንዱ ጡት እንደጣለች መጣችልኝ። እኔ አሳደግኳት እላለሁ። እሷ ደግሞ «እምዬን ያሳደግኩ እኔ ነኝ» ትላለች። ማን ልክ እንደሆነ በኋላ ታዩታላችሁ።

ትምህርቷን ስትጨርስ መካነ ኢየሱስ ከተማ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። ገበሬው መጥቶ በሬ ጠፋብኝ፣ ድንበር ተገፋብኝ ብሎ ሲነግራት እሷ በኮምፒውተር ማመልከቻ ታደርገዋለች። ያለቀሰውን ሰው ልቅሶ አስተካክላ በአንድ ወረቀት ታወጣዋለች። የእኛ መንደር ከከተማው በላይ ነው። ጠዋት ቁልቁለት፣ ማታ ዳገት። በእግር ወርዶ በእግር መውጣት የቀኑን እኩሌታ ይበላል። ይህን የሰማው ባሕር ዳር ያለው ልጄ፣ አጎቷ ማለት ነው፣ ብስክሌት በአውቶቡስ ጣሪያ ጭኖ ላከላት። እዚያ አገሩ ሜዳ ነው፤ ሰው ሁሉ በብስክሌት ነው የሚሄድ አሉ። እዚህ ግን ስንዱ የመጀመሪያዋ ነበረች። ሴት ልጅ እንዴት ትቀመጥበታለች ያለም ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሰው ማመልከቻውን በእሷ ልኮ አስገባ።

መቼም ብስክሌት በዳገት እንዴት ይወጣል ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ስንዱ ከኋላ ጎማው ጎን እንደ ጉትቻ የምትንጠለጠል አንዲት ነገር አሳየችኝ። ማርሽ መቀየሪያ ይሏታል። የኋላው ጎማ ላይ ትንንሽና ትልልቅ ጥርስ ያላቸው ክቦች ተደራርበዋል፤ ጉትቻይቱ ካቴናውን ማለት ሰንሰለቱን ይዛ ከአንዱ ወደ ሌላው ታሻግረዋለች። ካቴናው ትልቁ ላይ ሲወጣ እግር ብዙ ይዞራል፣ ዳገቱ ግን ይቀላል። ገባኝ። በቅሎም ዳገት ስታይ እርምጃዋን ታሳጥራለች። ስንዱ «እምዬ፣ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ሰው አልገጠመኝም» አለችኝና እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የብስክሌት ነገር የማውቅ መሰለኝ። ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። የስንዱ አሠሪ ጥሩ ሴት ናት፤ ባሏ ሞቷል፣ ቤቷ ሰፊ ነው። «ምን ያንከራትትሻል፣ እኔ ጋ እደሪ፣ ክፍል አለኝ» ትላት ነበር። ስንዱ «ብስክሌት አለኝ» ትላለች። በቃ ያቺ ብስክሌት ነበረች ልጅቱን ማታ ማታ ወደ እኔ የምታመጣት። ብስክሌቷ ከቆመች ስንዱ ከተማ ትቀራለች። ስንዱ ከተማ ከቀረች እኔና ውሻችን ፊት ለፊት ተቀምጠን እንተያያለን። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ግን ከብስክሌቷ የሚሰማ ድምፅ ሁሉ ያስደነግጠኝ ጀመር።

ሲጢጥታውም መጣ። ሁዳዴ ጾም ነበር፣ አገሩ ደርቆ መንገዱ ዱቄት ሆኗል። ብስክሌቷ ዳገቱ ከሚያልቅበት ከወይራዋ ዛፍ ስር ስትዞር ድምፅዋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል፤ ወፍጮ ትመስላለች። ስንዱ የምትቀባት የመኪና ዘይት አልቆባት ነበር። እሁድ ዕለት እሷ ልብስ ስታጥብ እኔ አሰብኩ። ሲጢጥ የሚል መዝጊያ ምን ይቀባል? ቅቤ። ግን ሁዳዴ ነው። ስንዱ ካቴናው ሲወልቅ በእጇ ነው የምትመልሰው፤ በዚያው እጇ ዳቦ ቆርሳ ትበላለች፤ ልጅቱን በእኔ ቅቤ ላስገድፋት? እንዲያው ሳሰላስል አንድ ነገር በራልኝ። ተልባ። ተልባ የጾም ነው፣ ያሙለጨልጫል፣ ቤት ውስጥም ሞልቷል። ወቀጥኩት፣ በውኃ መታሁት፣ ያን የሚዝለገለገውን ካቴናው ላይ ጥርሱም ላይ ጉትቻይቱም ላይ አፈሰስኩ። ያን ቀን ፔዳሉን በእጄ ባዞረው እንደ ጸሎት ጸጥ አለ። ደስ አለኝ። ለስንዱም አልነገርኳትም፤ ራሷ ትድረስበት ብዬ።

ደረሰችበት። ተልባ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ሳህን ሳያጥብ ያሳደረ ሰው ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ ግን የምናውቀው ነገር ሁሉ በሚያስፈልግ ሰዓት ይመጣል ያለ ማን ነው? አንድ ቀን ፀሐይ፣ ሁለት ቀን አቧራ፣ ካቴናው የተጋገረ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ስንዱ ዳገቱ መሐል ማርሽ ስትቀይር፣ የደረቀው ካቴና አልታጠፍም ብሎ ጉትቻይቱን ይዞ ወደ ላይ ነቀላት። ጉትቻይቱም ጎማው ውስጥ ካሉት ቀጫጭን ሽቦዎች መካከል ገባች፤ ጎማው ቀጥ አለ፤ ስንዱ ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ ብስክሌቷን ተሸክማ መጣች። «ምን እንደነካት አላውቅም እምዬ» አለችኝ። እኔ ውኃ አሙቄ ቁስሏን አጠብኩ። ስለ ተልባው ቃል አልወጣኝም።

በነጋታው ስንዱ በእግሯ ወረደች። እኔም ጉትቻይቱንና ካቴናውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ትንሽ ቆይቼ ተከተልኳት። መካነ ኢየሱስ ብስክሌትና ሞተር የሚሠራ ጌትነት የሚባል ወጣት አለ። ቋጠሮዬን ፈታሁለት። ጣቱን ካቴናው ላይ አሽቶ አሸተተ።

«እማማ፣ ይሄ የተቀባው ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ዘይት አይደለም። ግሪስም አይደለም።»

«የመንገዱ አቧራ ይሆናላ።»

«አቧራ አይሸትም እማማ። ይሄ የሚበላ ነገር ነው የሚሸተኝ።»

«ርቦህ ይሆናል። ጾም ነው።»

ጉትቻይቱን ወደ ብርሃን አነሣት። «ይቺ ትቀየራለች» አለ።

«አትጠገንም?»

«አትጠገንም። ተጣማለች፤ እዚህ ጋ ደግሞ ተሰንጥቃለች።»

«የተጣመመ ይቃናል፤ የተሰነጠቀ ይታሰራል።»

«እማማ፣ ይቺ እኮ ሞፈር አይደለችም።»

ይህን ባይል ኖሮ ወሬው እዚህ ያልቅ ነበር። እሱ ሞፈር ሲል ጠፍር ትዝ አለኝ። ቢሆንም አስጨርሼ ልስማው ብዬ አዲሷ ከየት ትመጣለች አልኩት። እሱ ጋ የለም። ደብረ ታቦርም ይኑር አይኑር አይታወቅም። ባሕር ዳር ይኖራል፤ ግን ለሰባት ክብ የምትሆን አለች፣ ለስምንት የምትሆን አለች፣ ያልሆነችው ከመጣች ተመልሳ ሌላ መላክ ነው። «ከፋሲካ በኋላ በሉት» አለ። «ካልሆነ ደግሞ ካቴናውን አሳጥሬ በአንዱ ክብ ላይ ብቻ ልሰረው። ትሄዳለች፤ ማርሽ ግን የለም፤ ዳገት አትወጣም።»

«ዳገት ካልወጣች ለእኔ ምኗ ናት?» አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። ባይገባው ይሻላል ብዬ ቋጠሮዬን አሰርኩ።

ስወጣ በፎቶ ኮፒው ቤት በኩል አለፍኩ። አሠሪዋ ከደጅ ሆና «እስከ ፋሲካማ እዚሁ እደሪ፣ ክፍሉን ጠርጌልሻለሁ» ስትላት ሰማሁ። ስንዱ የመለሰችውን አልሰማሁም። ለመስማትም አልቆምኩም።

ዳገቱን ስወጣ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። እስከ ፋሲካ ያደረች ልጅ ከፋሲካ በኋላ ለምን ትመለሳለች? መቀየር የሚሉት ነገር ራሱ አልዋጥልሽ አለኝ። የተሰነጠቀ ቅል ሰፍቼ ዐሥር ዓመት ውኃ ቀድቼበታለሁ። የባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በርጩማ እግሩ ተሰብሮ በጠፍር ታስሮ እሱ ራሱ ሞቶ በርጩማው አለ። እኔም ብሆን ጉልበቴ ወልቆ ወጌሻ ነው አሽቶ የመለሰልኝ፤ ማንም ይቀየርልሽ አላለኝም። ደግሞ ዞሬ፣ ልጁ ሥራው ነው፣ እሱ ካላወቀ ማን ያውቃል እላለሁ። ወይራዋ ጋ ስደርስ መቀየር አሸንፎ ነበር። ደጄ ስደርስ መጠገን አሸነፈ። ከወይራዋ ወዲህ ሜዳ ስለሆነ ይሆናል፤ ሰው ትንፋሹ ሲመለስለት ይደፍራል።

የመንደሩን ማረሻ ሁሉ የሚሠራልን አያ ደሴ ዘንድ ሄድኩ። ጉትቻይቱን በእጁ መዘናት።

«እታለም፣ ይሄ ብረት አይደለም» አለኝ። «እሳት ካሳየሁት እንደ ጧፍ ነው የሚፈስ።»

«እንግዲያ ይቀየር ነው የምትል?»

«እኔ መች እንዲያ ወጣኝ? ቀዝቃዛዋን በእንጨት መትቼ አቃናታለሁ። ስንጥቁን ግን አላውቅልሽም።»

«ስንጥቁን ለእኔ ተወው። ጠፍር አለኝ።»

አያ ደሴ ተቀምጦ ትንሽ አየኝ። «ለብስክሌት?» አለ። ከዚያ «ይሁና፤ እኔም እንዴት እንደምትሆን ማየት እፈልጋለሁ» አለና እንጨቱን አነሣ። አቃናት። ቀጥ ባትልም አልተጣመመችም የሚሏት ዓይነት ሆነች።

እርጥብ ጠፍር ስንጥቁ ላይ ሦስት ጊዜ አዞርኩ። ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ የያዘውን እንዲህ ነው የሚያንቀው። አጥር ላይ ፀሐይ አሳየሁትና ገባሁ። የረሳሁት ውሻውን ነው። ስሙ ታገስ ነው። ስሙን የሰጠሁት እንዲሰማ ብዬ ነበር፤ እስካሁን አልሰማም። ሁዳዴ ከገባ ሥጋ የሚባል ሽታ በደጃችን አላለፈም፤ እሱ ግን ጾመኛ አይደለም። ብቅ ስል ታገስ ጠፍሩን ከነጉትቻይቱ በአፉ ይዞ በማሳው መሐል ይነጉዳል።

ሮጥኩ። እኔ መሮጥ ካቆምኩ ስንት ዘመኔ ነው። ነጠላዬ አጥር ላይ ቀረ፣ አንድ ጫማዬ ማሳው ላይ ቀረ። እኔ «ታገስ፣ ታገስ» እላለሁ፤ ማዶ ያሉ ሴቶች ውሻውን ሳያዩ ሰው የምለምን መስሏቸው «እማማን ምን አገኛቸው፣ ማንን ነው ታገስ የሚሉት?» ይባባላሉ። በመጨረሻ ታገስ ከቅዳሴ የሚመለሱትን የነፍስ አባቴን አየና ቀጥ ብሎ እግራቸው ስር ተኛ። እሳቸው ዳቦ ስለሚቆርሱለት ነው፤ እኔ ቆርሼለት አላውቅም።

አባ ጉትቻይቱን ከአፉ አውጥተው አገላበጧት። «ይህ ምንድን ነው?»

ትንፋሼ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኳቸው። «በሁዳዴም ዋሸሁ አባ።»

«ለማን?»

«ለብስክሌት ሠሪው። ተልባ መሆኑን እያወቅኩ አላውቅም አልኩት። ለልጅቱም አልነገርኳት።»

«ይህ ሁሉ ማሰርና መሮጥ ግን ለምንድን ነው? አዲሲቱ እስክትመጣ ብትጠብቂስ?»

መሬት መሬት አየሁ። «ስጠብቅ ልጅቱ ከተማ ትቀርብኛለች አባ። ብቻዬን መሆን ፈራሁ።»

አባ ጉትቻይቱን መለሱልኝ። «ይህን ነግረሻታል?»

«የቱን?»

«የመጨረሻውን።»

«አልነገርኳትም። እንድትቀርልኝ የለመንኳት ይመስልብኛል።»

«ተልባውንስ?»

«እሱንም።»

«በይ ከሁለቱ አንዱን ዛሬ ንገሪያት» አሉና ባርከውኝ ሄዱ። ከሁለቱ አንዱን ስላሉኝ እኔም ቀላሉን መረጥኩ።

ስንዱ እግሯን እየጎተተች ስትመጣ «ብስክሌትሽን ተልባ የቀባኋት እኔ ነኝ» አልኳት። ቆማ አየችኝ።

«ተልባ?»

«ተልባ።»

«ለምን ቅቤ አልቀባሻትም?»

«በሁዳዴ?»

«ብስክሌት ይጾማል እንዴ እምዬ?»

«እጅሽ ይጾማል።»

ቁጭ ብላ ሳቀች። የጉልበቷ ቁስል እስኪከፈት ሳቀች። ስትጨርስ ዓይኗን ጠርጋ «ሴትዮዋ ክፍሉን ጠርጌልሻለሁ ብላኛለች» አለችኝ።

«የተጠረገ ክፍል ጥሩ ነው» አልኩና ግድግዳውን ማየት ጀመርኩ።

«እምዬ፣ ምነው?»

«ጭስ ገብቶብኝ ነው።»

«እሳት እኮ አላነደድሽም።»

ወሬ ልለውጥ ብዬ ጉትቻይቱን በጠፍር ማሰሬን ነገርኳት። እሷም ሌላ አልጠየቀችም። «እስቲ ያን ያሰርሽውን አምጪው» አለች። አሁን በአዲስ ጠፍር አስሬ፣ ታገስ እንዳይደፍረው ሚጥሚጣ ነስንሼበት፣ ከጣሪያው ስር ሰቅዬው ነበር። ተቀብላ አገላበጠችው። «ነገ ለጌትነት እሰጠዋለሁ። ይሠራል» አለችኝ።

በነጋታው ብስክሌቷን በእጇ እየገፋች ወረደች። እኔ ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። ሽሮ ልለቅም ተቀምጬ ባቄላውንም ጠጠሩንም አንድ ላይ መልሼ ጨመርኩት ብል አታምኑኝም። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከወይራዋ በኩል ደወሏ ጮኸ። ብቅ ብል ስንዱ ተቀምጣባት፣ ጸጉሯ በነፋስ፣ እየነዳች ትመጣለች። ላብ በላብ ናት።

«ሠራች?»

«ሠራች እምዬ።»

«ዳገቱንስ?»

«ይኸው እቤት ነኝ አይደል?»

ጌትነት ግን ሲገጥማት ሚጥሚጣው ዓይኑ ገብቶ ሲያነባ ዋለ አለችኝ። እኔ ደግሞ ይበለው አልኩ፤ ሞፈር አይደለችም ያለውን ይዤበት።

ከዚያ ወዲያ የእኔን ነገር አትጠይቁኝ። ሰንበቴ ላይ አወራሁ፣ ገበያ ላይ አወራሁ። ከከተማው አንድ ሠሪ ትጣል ያላትን እኔ በአንድ ክንድ ጠፍር አዳንኳት እያልኩ ነው። ሰው ሬዲዮ ይዞልኝ መጣ። አንዱ የጃንጥላ ዘንግ አሳሰረኝ፣ ያዘለትም። አያ ደሴ ብቻ «እኔን አብረሽ አውሪኛ» እያለ ይቀየም ነበር። ጌትነትን ገበያ ባገኘሁት ቁጥር «እናንተ የዛሬ ልጆች መቀየር እንጂ መጠገን መች ታውቃላችሁ» እለዋለሁ፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። አፍሮ ነው እያልኩ ትንሽ አሳዘነኝ፤ አንድ ቀን እንዲያውም እንቁላል ሰጠሁት።

ስንዱም ሁለት ዓመት በዚያችው ብስክሌት ወረደች፣ ወጣች። ማታ ማታ ደወሏ ከወይራዋ ይጮሃል፤ እኔ ወጥ እጥዳለሁ። ከበፊቱ ትንሽ ትዘገያለች፤ ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። ጫማዋም ቶሎ ቶሎ ሶሉ ያልቅባት ነበር። «ፔዳሉ እየበላው ነው» ትለኛለች። እኔም አምኜ ጫማ ሻጩ ጋ ሁለቴ ሄጄ ተጣልቻለሁ፤ ያን ምስኪን ዛሬ ባገኘው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከዚያ ስንዱ ተዳረች፤ ደብረ ታቦር ገባች፤ ብስክሌቷን ለእምዬ ብላ ተወችልኝ። እኔም እንደ ቅርስ ከጎተራው ጀርባ አስቀመጥኳት።

ልጆቹ አውጥተው ካገኟት በኋላ እንንዳት አሉ። ይዘናት ወደ ጌትነት ወረድን። ልጆቹን ለመጠበቅም፣ እውነቱን ለመናገር ለመኩራራትም ነው አብሬ የሄድኩ። አሁን እሱም ጸጉሩ ሸሽቶ የልጆች አባት ሆኗል። «ይኸውልህ፣ ጠፍሯ እስካሁን አልላላም» አልኩት።

ጌትነት ጠፍሩን በጣቱ ነካ አድርጎ ጣቱን ከዓይኑ አራቀ፤ አልረሳም። ከዚያ ቀና ብሎ «እማማ፣ አሁን ብነግርዎት አይቀየሙኝም?» አለ።

«ምኑን?»

«ይቺ ማርሽ መቀየሪያ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሠርታ አታውቅም። ሳስራት እዚሁ ተሰበረች። ካቴናውን አሳጥሬ በአንዱ ክብ ላይ ነው ያሰርኩት፤ ይቺን ከነጠፍሯ መልሼ የሰቀልኳት እንዲሁ እንድትታይ ነው። ስንዱ ናት ያለችኝ፤ እንዳልናገርም አስምላኛለች። አዲስ ላስመጣልሽ ብላት፣ እምዬ ጠፍሯ ተፈቶ ካየች ታዝናለች አለችኝ።»

«ታዲያ ዳገቱን እንዴት ትወጣው ነበር?»

«በእግሯ ነዋ እማማ። ብስክሌቷን እየገፋች። ወይራዋ ጋ ስትደርስ ነው የምትቀመጥባትና ደወሉን የምትነካ።»